ብርጭቆው ገና ሙሉ ነበር

ያን ምሽት የተቀዳልኝ ቢራ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ስልኬ ጮኸ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራሁ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ሰውነቴን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ የዋለው ትከሻዬ ወርዷል። ጠዋት በስብሰባ ላይ ክፉ ቃል የተናገረኝን ሰው ሳስበው እንደ ቀኑ አልከነከነኝም። ከባልንጀሮቼ ጋር ለመጫወት ልቤ ተነሳስቷል። "ሞቅ ብሎኛል ማለት ነው" ብዬ እጄን ወደ ብርጭቆው ስዘረጋ፣ አረፋው ጠፍቶ መጠጡ ግን እስከ አፉ ድረስ ሙሉ እንደሆነ አየሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ፉት አላልኩም ነበር።

ብዙ ዓመት ጠጥቻለሁ። ሱሰኛ የሚባል ሰው አልነበርኩም፤ ነገር ግን ሥራ የበዛበት ሳምንት ሲያልቅ ያለ መጠጥ ሰውነቴ እንደማይፍታታ አምን ነበር። አምን ነበር ማለት ያንሰዋል፤ ውሃ እንደሚያረጥብ የማውቀውን ያህል አውቀው ነበር። ያ ሙሉ ብርጭቆ ግን ጥያቄ ጣለብኝ። ያፍታታኝ መጠጡ ካልሆነ፣ መጠጡ ያደርግልኛል ብዬ የጠበቅኩት ነገር ነው። መጠበቅ ይህን ያህል ጉልበት ካለው ደግሞ መጠኑን ማወቅ አለብኝ። ያን ምሽት የጀመርኩት ሐሳብ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይለቀኝ ቆየ።

ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። አለን ማርላት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ሙከራ አለ። የአልኮል ሱስ ያለባቸው 32 ወንዶችንና ለጨዋታ ያህል የሚጠጡ ሌሎች 32 ወንዶችን ጠርተው "መጠጥ ቅመሱና ጣዕሙን ዳኙልን" አሏቸው። ለገሚሱ የቀረበው ቮድካ በቶኒክ፣ መረር ባለ ለስላሳ መጠጥ፣ ተቀላቅሎ ነው፤ ለገሚሱ ቶኒክ ብቻ። ብልሃቱ ያለው የተነገራቸው ነገር ከተቀዳላቸው ነገር ጋር ሁልጊዜ እንዳይገጥም መደረጉ ላይ ነው። ቮድካ አለበት ተብሎ ቶኒክ ብቻ የተሰጠው አለ፤ ቶኒክ ብቻ ነው ተብሎ ቮድካ የጠጣም አለ። በመጨረሻ ማን ምን ያህል ጠጣ ተብሎ ሲለካ፣ ልዩነቱን ያመጣው ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሳይሆን በጆሯቸው የገባው ነበር። አልኮል ነው የተባሉት፣ ኖረበትም አልኖረበትም፣ አብልጠው ጠጡ። ሱስ ያለባቸውም እንደዚያው። "አንዴ ከቀመሰ ማቆሚያ የለውም" ለሚለው የቆየ እምነት ይህ ከባድ ፈተና ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። መጠበቅ ሁሉን ነገር አያደርግም። አልኮል አንጎልን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ነው፤ ሰውየው አመነም አላመነም እጁን ያዘገየዋል፣ ሚዛኑን ያሳጣዋል፣ ዓይኑን ያደክመዋል። "እኔን አይነካኝም" የሚል እምነት መሪ የያዘን ሰው ፍሬን በጊዜ አያስረግጠውም። መጠኑ ሲበዛም ማታለሉ አይሠራም፤ የጠጣ ሰው መጠጣቱን ያውቀዋል። መጠበቅ የሚነግሠው በስሜትና በጠባይ ላይ ነው፤ ደስታ፣ ድፍረት፣ ለሰው መቅረብ፣ ጠብ። ሎረን ቤግ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ አልኮል የጠጡ የመሰላቸው ሰዎች ያደረጉትን አጭር ንግግር ራሳቸው ሲገመግሙት ይበልጥ ማራኪ ነበርን አሉ። ንግግሩን የዳኙት ሌሎች ሰዎች ግን ያን አላዩም። ያሳመራቸው የጠጡት ሳይሆን ጠጣሁ ማለታቸው ነበር።

ለሁሉም ሰው ቮድካና ቶኒክ እየቀዱ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ መጠይቅ ሄዱ። ሳንድራ ብራውን፣ ማርክ ጎልድማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት መጠይቅ በዚህ መስክ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። አጀማመራቸው ደስ ይለኛል፤ ከራሳቸው አላመጡትም። መጀመሪያ ሰዎችን "መጠጥ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ሰብስበው 90 ዓረፍተ ነገር አደረጉት፤ በእያንዳንዱ ፊት "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ማለት ብቻ ነው። መልሶቹ በስድስት ጎራ ተሰበሰቡ። መጠጥ ዘና ያደርጋል የሚል፣ ከሰው ጋር ያለውን ጊዜ ያጣፍጣል የሚል፣ ሐሳብን በድፍረት ያናግራል የሚል፣ የፍትወት ስሜትን ያነሳሳል የሚል፣ ጉልበትና ቁጣ ይሰጣል የሚል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ስድስተኛው ነው፤ መጠጥ ነገርን ሁሉ ያሳምራል የሚል፣ ወሰን የሌለው እምነት። ለአንድ ፈሳሽ ከዚህ በላይ የሚሰጥ አደራ የለም።

እኔም እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቼ አውቃለሁ፤ ከጤና ምርመራ ጋር ተያይዞ የተሰጠኝ ነበር። "መጠጥ ዘና ያደርገኛል" ለሚለው "እስማማለሁ" ላይ ምልክት ለማድረግ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ብርጭቆው ሙሉ ሆኖ ካየሁት ምሽት በኋላ ግን ያ ምልክት ይጎረብጠኝ ጀመር። የተስማማሁት በምን ላይ ነው? በስንተኛው ብርጭቆ? በስንት ሰዓት? ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ሰው ሁሉ? ሰው ስለሌላው ሲጠየቅና ስለራሱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም። የተጠየቀበት ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ያው ሰው በመጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠየቅ፣ በጥናት ክፍል ከሚሰጠው መልስ የደመቀ መልስ ይሰጣል። ምርመራውን ያደረግኩት በጠዋት ነበር። በዓርብ ማታ ብጠየቅ ኖሮ ብዕሩ ወረቀቱን በቀደደው።

ኪም ፍሮምና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት መጠይቅ አንዱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። 38 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ግን ጥያቄው ሁለት ነው። ይህ ይሆናል ብለህ ታስባለህ? ቢሆንስ ለአንተ መልካም ነው ወይስ መጥፎ? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። "ደፋር እሆናለሁ" የሚሉ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ዓይን አፋር ነው፤ ድፍረቱን ይናፍቀዋል። ሁለተኛው ባለፈው ጊዜ በድፍረቱ የተናገረው ቃል ትዳሩን ሊያፈርስበት ደርሶ ነበር፤ ድፍረቱን ይፈራዋል። በ"እስማማለሁ" ብቻ ቢለኩ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቃላቱ ላይ ደረስኩ፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰዱትም እነሱ ናቸው። በዚያው በ1993 የታተመ ሌላ መለኪያ 14 ቃላት ብቻ አሉት። ሰባቱ ስሜት ሲነቃ የሚሆነውን ይናገራሉ፤ ሰባቱ ሲፈዝ የሚሆነውን። ጠጪው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይሰጣል። በአማርኛ ላስቀምጣቸው ሞከርኩ። ራስ መክበድ፣ የሐሳብ መዘግየት፣ ለጨዋታ መነሳሳት፤ እነዚህ አልከበዱኝም። ዝርዝሩን ስጨርስ ግን እኛ በመጠጥ ዙሪያ አዘውትረን የምንናገራቸው ቃላት ውጭ ቀርተው አየሁ። "ሞቅታ" የለም። ሞቅታ ደስታ ብቻ አይደለም፣ ስካርም አይደለም፤ ከሁለቱ መካከል ያለ፣ ሰው ሊያቆየው የሚፈልገውና የማይቆይ ቦታ ነው። "ሆድ መባስ"ም የለም። ሐዘን ብዬ ልተረጉመው አልችልም፤ ያዘነ ሰው ሁሉ ሆድ አይብሰውም፣ ሆድ የባሰው ሰው ግን የሚወቅሰው አለው። የቆየ ቂም፣ የተረሳ ውለታ፣ "እኔን ማን አሰበኝ" የሚል ቁጭት አብሮ ይነሳል። በሰዓታት ውስጥ ስንቱ ጠጪ ከሞቅታ ወደ ሆድ መባስ እንደሚሻገር በየጠረጴዛው አይቻለሁ። ቃሉ በመለኪያው ላይ ከሌለ ግን ያ ሰው ከሁሉ የሚቀርበውን ቃል ይመርጣል፤ ምናልባት "ደብሮኛል" ይላል፤ እውነቱም ያመልጣል።

"መጠጥ የሆድን ያወጣል" የሚለውም አባባል ራሱ አንድ መጠበቅ ነው። እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው ሲጠጣ ለመናገር ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል፤ የሚሰማውም ሰው የተነገረውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበለዋል። ክሬግ ማክአንድሩና ሮበርት ኤድገርተን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ሥራቸው የተለያዩ ሕዝቦችን የስካር ጠባይ ሲያነጻጽሩ፣ አንዱ ዘንድ ስካር ጠብ ሲያመጣ ሌላው ዘንድ ዝምታን ወይም ሳቅን እንደሚያመጣ አሳይተዋል። የሚጠጣው አልኮል ነው፤ የሚታየው ግን እያንዳንዱ ሕዝብ ሰካራም ምን ያደርጋል ብሎ የተማረው ነው።

እንግዲህ አንድ ደብተር ገዛሁ። በግራ በኩል አምስት ቃላት ጻፍኩ፤ መፍታታት፣ ሞቅታ፣ ልብ መሙላት፣ ሆድ መባስ፣ መርሳት። መርሳት የስሜት ስም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጠጣው ለእሱ ነው፤ ልተወው አልቻልኩም። ወደ ቀኝ አራት ዓምድ አሰመርኩ። አንደኛው ከመጠጣቴ በፊት የምጠብቀው ነው፤ ሌሎቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላና በማግስቱ ጠዋት የሚሰማኝ። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ብቻ። ሁለት ወር ያህል ያዝኩት። ሞቅ ሲል ደብተር ማውጣት ይከብዳል፤ ባልንጀሮቼም መጀመሪያ ዕዳ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። ቢሆንም አንድም ቀን ባዶ ላለመተው ታገልኩ።

ከሁሉ በፊት ያየሁት መጠበቄ ውሸት አለመሆኑን ነው። መፍታታት ላይ ከመጠጣቴ በፊት 8 እጽፋለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም 7 ወይም 8 ይሆናል። ልክ ነበርኩ። ልክ የነበርኩት ግን ለግማሽ ሰዓት ነው። በሁለተኛው ሰዓት 5 እና 4፤ ጠዋት ላይ 2። ሞቅታም እንዲሁ ወጥቶ ይወርዳል። ደብተሩን ዘግቼ እንድቀመጥ ያደረገኝ ግን የሆድ መባስ ረድፍ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች 0፣ 0፣ 0 ነው። አንድም ቀን ሆድ ይብሰኛል ብዬ አልጠበቅኩም። በሁለተኛው ሰዓት ዓምድ ላይ ግን 5 አለ፣ 6 አለ፣ አንድ ቀን 8 አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሆንብኝ ኖሯል፤ በማግስቱ ሳምንት እንደገና 0 ብዬ እጀምራለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን፣ ሰው ነገርን ከነገር ጋር እያያዘ የሚማርበት የታወቀ ሕግ ይነግረናል። ከድርጊት ቶሎ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ከድርጊቱ ጋር በጥብቅ ይታሰራል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ይላላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደስታ ከብርጭቆው ጋር በአንድ ገመድ ታስሯል። የጠዋቱ ጭንቀት ግን "እንቅልፍ አንሶኝ ነው"፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እየተባለ በሌላ ይሳበባል። ስለዚህም ጊዜን ከጥያቄው ጋር ያጣመሩ መለኪያዎች ልቤን ይነኩታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አንድ መለኪያ ሰዎች የሚጠብቁትን ስሜት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ስካሩ ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ። በግላስጎው ደግሞ ባሪ ጆንስና ጆን ማክማሆን መጥፎውን ብቻ ለይተው ጠየቁ፤ ዛሬ ማታ ምን ይመጣብኛል፣ ነገ ምን ይመጣብኛል፣ እንደዚህ ብቀጥል ምን ይመጣብኛል? ሕክምና የጀመሩ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ መጥፎውን አብልጠው የሚጠብቁት ከመጠጥ ርቀው የሚቆዩበት ጊዜም የረዘመ ሆኖ አገኙት።

የጎልድማን ተማሪዎችና ባልደረቦች ነገሩን ከልጆችም ጀምረው ተከታትለውታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አልኮል ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቁ፣ ክፍላቸው ከፍ እያለ ሲሄድ መልሳቸውም ወደ መልካሙ እያዘነበለ እንደሚሄድ ታይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የታተመው ደግሞ፣ ታዳጊዎች ከመጠጥ የሚጠብቁት ነገር ከ12 ወራት በኋላ የሚኖራቸውን አጠጣጥ እንደሚተነብይ አሳይቷል። ይህን ያነበብኩ ሰሞን የታላቅ ወንድሜን ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ "ሰው ለምን ይጠጣል?" ብዬ ጠየቅኳት። ሥዕሏን ከመቀባት ቀና ሳትል "ሲከፋው ነዋ። ከዚያ ይተወዋል" አለችኝ። የሚተወው መጠጡ ነው ወይስ መከፋቱ ብዬ ብጠይቃት "መከፋቱ" አለች። አንድም ጠብታ ያልቀመሰች ልጅ መጠይቁን ሞልታ ጨርሳለች።

ያን ማታ ነው ደብተሬን ይዤ ወደ አባቷ የሄድኩት። ወንድሜ ሥራውን ካጣ ወዲህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠጣል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ማቆሙ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል በሐኪም እጅ መሆን አለበት፤ እሱ እዚያ አልደረሰም፤ እዚያ እንዳይደርስ ነው ሐሳቤ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?"

"ምን ሆንክ?"

"ከመጠጣትህ በፊት እዚህ ላይ ቁጥር እንድትጽፍልኝ ነው።"

ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። "ይህ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። መምከር እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ መክሬው ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል። ስለዚህ መልስ ሳልሰጠው የራሴን ደብተር ከፍቼ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። ገጹን ዝም ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የሆድ መባስ ረድፍ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተም ሆድ ይብስሃል?"

"ይብሰኛል።"

ብዙ ዓመት አብረን ጠጥተናል፤ ይህን ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ተመራማሪዎቹ መጠበቅን ሊያርሙ የሞከሩበት መንገድ አለ። ጃክ ዳርክስና ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሥራ፣ ከመካከለኛ እስከ ብዙ የሚጠጡ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጠው ለአንዳንዱ አልኮል፣ ለአንዳንዱ አልኮል መሳይ ሰጡ። ከጨዋታው በኋላ አልኮል የጠጣው ማን እንደሆነ ለዩ ተባሉ፤ ብዙ ጊዜ ተሳሳቱ። እነዚያ ተማሪዎች ስለ መጠጥ ጉዳት ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ መጠጣቸውን አብልጠው ቀነሱ። በኋላ በሌሎች ሲደገም ውጤቱ ከጊዜ ጋር እየሳሳ እንደሚሄድ ታይቷል፤ ያም ሆኖ አንድ ነገር ይነግረኛል። ሰው የሚጠብቀውን የሚያርመው ሲነገረው ሳይሆን ራሱ ሲይዘው ነው። ወንድሜን ያላስተማርኩት ለዚህ ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥቼው ወጣሁ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሁለት ወረቀት አመጣልኝ። የመጀመሪያው ተጨማድዷል፤ ጥግ ላይ የብርጭቆ ክብ አትሞበታል። ከመጠጣቱ በፊት መርሳት ላይ 10 ብሎ ጽፏል። በግማሽ ሰዓት 7። በሁለት ሰዓት 8። እኔ ያሰመርኩት ወደ ጠዋት ያልፋል። እሱ ግን ከጠዋት በፊት በብዕር፣ መስመሩ ተንጋዶ፣ የራሱን ዓምድ ጨምሯል፤ ራሱ ላይ "ሌሊት 9 ሰዓት" ይላል። ከሥሩ መርሳት 0፣ ሆድ መባስ 10።

እኔ በሁለት ወር ውስጥ ያን ሰዓት መጠየቅ አልመጣልኝም ነበር። ነቅቶ፣ መብራት አብርቶ፣ ብዕር ፈልጎ ነው የጻፈው።

ሁለተኛው ወረቀት ገና አልተሞላም፤ የሚጠጣው በዚያው ማታ ነበር። የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ተጽፏል። መርሳት ላይ መጀመሪያ 10 ብሎ ነበር። በላዩ ላይ አንድ መስመር አስምሮ ከጎኑ 6 ጽፏል።